እንቁላሉን ማን ቀቀለው?

ሰዓት ጠጋኙ ከልብስ ስፌት ቤቴ ጎን ሱቅ በከፈተ በስድስተኛው ወር «እንጋባ» አለኝ። «እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። እወደው ነበር፤ ችግሬ እንቁላሉ ነው።

በየቀኑ ለምሳ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ይዞ ይመጣና አንዱን ለእኔ ይሰጠኛል። ሳይቦጫጨቅ የተላጠ፣ አስኳሉ ያልጠቆረ እንቁላል። «ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ራሴ ነኝ የምቀቅለው» ይላል።

እህቴ አንዱን ገምሳ አየችና «ይሄ የሴት እጅ ነው» አለች። «ንቂ እንጂ የኔ ሞኝ፣ ጉድሽ ሳይፈላ!»

እንቅልፍ አጣሁ። ሐሙስ ዕለት ጥሬ እንቁላል ገዝቼ «እስቲ ቀቅልልኝ» አልኩት። ምድጃዬ ላይ ውሃው ይንተከተካል። እሱ እንቁላሉን ከላይ ጣል አደረገበት። ወዲያው ተሰንጥቆ ነጩ እንደ ሳሙና አረፋ ገነፈለ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሳልነግረው ቤቱ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ልብስ ሰፊዋ ነሽ አይደል? እንቁላሌን ወደድሽው?»

«አባቴ ናቸው» አለ ሰዓት ጠጋኙ ከኋላቸው፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ። «የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። የበፊቷ እጮኛዬ የምጦረው አባት እንዳለኝ ስትሰማ ጥላኝ ሄደች። አንቺም እንዳትሄጂብኝ...»

«ደበቅከኝ?» አሉ አባቱ ቀስ ብለው።

ልጃቸው አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ እንዴት ነው የሚቀቅሉት?» አልኩ፣ የምለው ስላጣሁ።

ወደ ምድጃው ወስደው አሳዩኝ። እንቁላሉን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣዱት። ሲፈላ ምድጃውን አጥፍተው ከደኑት። «አሥራ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትከቺዋለሽ፤ ያኔ ቅርፊቱ እሺ ይላል።» የሚያወሩት ለእኔ ብቻ ነበር።

አሥራ ሁለቱን ደቂቃ ሦስታችንም ድስቱን እያየን ቆምን። ተናድጄ ነበር። እኔን ከዚያችኛዋ ጋር አንድ አድርጎ ቆጥሮኛል። ለካ ስጠረጥር የከረምኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

እንቁላሉን ልጬ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። «አባባ፣ ልጅዎን ይዳሩልኝ።»

ዞር ብለው ልጃቸውን አዩት። «እንቁላል እንኳ መቀቀል አይችልም።»

«ዐውቃለሁ። መዋሸትም አይችልም።»

«ብትወስጂው እኔም አለሁበት።»

«እርስዎ ከሌሉበትማ» አልኳቸው፣ «እሱ ብቻውን ምን ያደርግልኛል?»