የናሱ ውታፍ

ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት ጀልባዋ በአቶ መልአኩ ግቢ ሣር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሐይቁ ከአጥሩ ማዶ ነው። ሞተሯ ወርዶ ምድር ቤት ገብቷል። ነፋስ እንዳያነሳት እስከ አፍ ገደፏ ውሃ ተሞልታ፣ ሸራ ለብሳ፣ በአራት ገመድ ከአራት ካስማ ጋር ታስራ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገችው የቤቱ ሠራተኛ ውቢት ናት፤ አሠሪዋ እንዳዘዟት።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪ ወርቅውሃ ከጄኔቫ ተነስታ ቤቱ ወዳለበት ቬርሷ ከተማ ስትደርስ ጀልባዋ ተገልብጣ፣ አቶ መልአኩ ከሥሯ ሞተው ተገኝተዋል። ፖሊሶች ጀልባዋን ወደ ጎን አንስተዋታል። ወርቅውሃ በልጅነቷ ስዊዘርላንድ የገባች ኢትዮጵያዊት ስለሆነች ነበር የተላከችው።

ቢዝ የሚባለው የጥር ነፋስ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱን ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ወርቅውሃ ተንበርክካ የሟቹን ካፖርት ዳሰሰች። ጀርባው ከሣሩ ጋር በበረዶ ተጣብቋል። ደረቱ ደረቅ ነው። የጀልባዋ የውሃ መውጫ ቀዳዳ በናስ ውታፍ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ገመዶቹ ተፈተዋል እንጂ አልተበጠሱም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ፊሊጶስ ተደውሎለት ከዙሪክ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ። «ልጅቷ ባዶዋን ትታት፣ ነፋስ ገለበጣት። ቋጠሮ እንኳ አታውቅም።»

«ሞልቻታለሁ!» ውቢት እያለቀሰች ጮኸች። «በቸልተኝነት ሰው ገደለች ሊያስብሉኝ ነው! የመኖሪያ ካርዴን ከነጠቁኝ እናቴን በምን ላኖራት ነው?»

ወርቅውሃ ወጥ ቤት አስገባቻት። «ቀዳዳውን በምን ደፈንሽው?»

«በወይን ቡሽ፤ በፌስታል ጠቅልዬ። ዋናውን ውታፍ ፍለጋ ያልገለበጥኩት መሳቢያ የለም። ጋሼ ‹ተይው፣ በቡሽ ይሆናል› አሉኝ።»

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሳሎን ተቀምጠዋል። የእንቅልፍ ኪኒን ውጠው ስለነበር ምንም አልሰሙም።

«የጀልባዋ ውታፍ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ፊሊጶስ ጋ ነዋ። በበጋ የሚነዳት እሱ ነው። ከቁልፉ ጋር እንዳሰረው ይዞት ዙሪክ ሄደ። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

በማግስቱ፣ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከደወለላት በኋላ፣ ወርቅውሃ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ውሃ የሞላ ጀልባ ነፋስ አይገለብጠውም። ገልብጦት ቢሆን ኖሮም ውሃው አቶ መልአኩ ላይ በፈሰሰ ነበር። ግን የረጠበው ጀርባቸው ብቻ ነው። መጀመሪያ ውሃው ፈሰሰ፤ ከዚያ ሰው እሳቸውን እርጥቡ ሣር ላይ አጋደማቸው።»

«ልጅቷ ራሷ አፍስሳው ይሆናላ» አለ ፊሊጶስ።

«ቡሹን ከነፌስታሉ ሣሩ ላይ በረጋው በረዶ ውስጥ አግኝተነዋል። ያፈሰሰው ሰው ጀልባዋ ጭራሽ ያልተሞላች እንድትመስል ቀዳዳውን መልሶ መድፈን ነበረበት። ቡሹን በጨለማ አጣው። ዋናው ውታፍ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር። አቶ ፊሊጶስ፣ ቁልፍዎን ያሳዩኝ።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ጫፉ ላይ ባዶ ቀለበት ተንጠልጥሏል።

«ወንድምህን?» አሉ ወይዘሮ ጸሐይነሽ።

«ወንድሜ?» ፊሊጶስ ሳቀ። «ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ መታሰሬን እሱ ያውቃል። ጥገኝነት ስጠይቅ ይመስክርልኝ ብዬ ስሙን ሰጠሁ። የኤምባሲ ሥራው እንዳይነካበት የስደተኞች ቢሮ ሲጠይቀው ‹ስለ መታሰሩ አላውቅም› አለ። ምስክርነት ነፍጎ ጀልባ ሰጠኝ፤ እንድንሸራሸርበት! ከአገር ውጣ የሚለው ውሳኔ ሲደርሰኝ በዚያ ሌሊት ለልመና መጣሁ። የጀልባዋን ገመዶች እየፈተሸ ‹ከነፋሱ በኋላ እናወራለን› አለኝ፤ ዞሮ እንኳ ሳያየኝ። ገፈተርኩት። ራሱን ካስማው መታውና ሞተ።»

«ከዚያ በውቢት አሳበቡ።»

«እሷ ካርድ አላት። እኔ ምን አለኝ?»

ወርቅውሃ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳች። «አልሞቱም ነበር። ራሳቸውን ስተው ነው። ውሃው ፈስሶ እስኪያልቅ እርስዎ ቆመው ሲጠብቁ፣ እሳቸው ይተነፍሱ ነበር። ሐኪሙ እንዳለው የገደላቸው ከዚያ የገለበጡባቸው የጀልባዋ ክብደት ነው።»

ውቢት ከጥርጣሬ ነጻ ሆነች። ካርዷ ግን በአሠሪዋ ሥራ ላይ የቆመ ነበርና፣ ሌላ አሠሪ እንድታገኝ ሁለት ወር ተሰጣት። አሠሪ ሳታገኝ ቀርታ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ከዙሪክ በተነሳ አውሮፕላን አገሯ ገባች።