ከወንዙ ሥር ያለው ኮረብታ

እንደ አገሩ አቆጣጠር በ1891 ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ ወር፣ የኦሃዮ ወንዝ ጎድሎ የዳሩ ጭቃ እንደ አሮጌ ቁርበት በተሰነጣጠቀበት ሰሞን፣ የሃስኬት ከተማ ሕዝብ ሥራውን እየተወ ወንዝ ዳር ይውል ጀመር፤ ድልድይ ሊሠራ ነውና። ድልድዩ የሚቆመው በኮሎኔል ሌሙኤል ኦርንዶርፍ ገንዘብና በኮሎኔሉ ፋብሪካ ብረት ነበር፤ ከጋዜጣ አዘጋጁ አንሥቶ እስከ ፈረስ ጫማ መቺው ድረስ ስለ ድልድይ የማያውቅ ሰው ጠፋ። ትናንት ያቆመው የዶሮ ቤት በነፋስ የወደቀበት ሁሉ ዛሬ መሐንዲሱን ሲያርም ይውላል።

ሃስኬት እንዲህ የወሬ ጌታ ከመሆኗ በፊት አንድ መሻገሪያ፣ አንድ መጠጥ ቤትና አንድ የእህል ወፍጮ ብቻ ነበረች። ኮሎኔሉ፣ ገና ኮሎኔል ሳይባሉ፣ በ1858 የመጀመሪያውን የብረት ማቅለጫ ምድጃ ከወንዙ አፋፍ ላይ አቆሙ፤ ከዚያ ወዲያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መድፍ ፈለገ፤ ከጦርነቱም በኋላ ባቡሩ ሐዲድ ፈለገ። ምድጃው ምድጃ ወለደ፤ ከጀርመንና ከአየርላንድ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ፤ የጭስ ማውጫዎቹም ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት በልጠው ቆሙ። ቄሱ ቅር ቢላቸውም አልተቃወሙም፤ ደወል ቤቱን ያሠሩት ኮሎኔሉ ናቸውና። በገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ አንሶላ ከቀትር በፊት ካልተነሣ ግራጫ ሆኖ ይገባል፤ የሃስኬት ሴቶች ግን «ማልቀስስ ጭሱ የጠፋ ዕለት ነው» ይሉ ነበር።

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ ነበር። ከቀለጠው ብረት ላይ የሚገፈፈው ዝቃጭ፣ ገና እንደ ፍም እየነደደ፣ በብረት ጋሪ ወደ አፋፉ ይወሰድና ወደ ወንዙ ይገለበጣል፤ ውሃው ይጮኻል፣ እንፋሎቱ ይነሣል፣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ይቀላል። ቅዳሜ ምሽት ላይ ብዙ ጋሪ በአንድነት ስለሚገለበጥ ሕዝቡ «የቅዳሜ ፀሐይ» ብሎ ሰየመው፤ ዳቦውንና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያሩን በቅርጫት ይዞ፣ ልጆቹን አስከትሎ ይወጣል፤ የፋብሪካው የሙዚቃ ጓድም ይነፋለታል። ከሁሉ የተመረጠው መቀመጫ ግን ውሃው ላይ ነበር። ካፒቴን ኤይዛ ፔቲግሩ «ሮዛሊንድ» የተባለችውን አረንጓዴ የማሻገሪያ መርከቡን ከወንዙ መካከል አቁሞ ያሳያል፤ ሚስቱ ድሩሲላ ለሰው ቦታ ታስይዛለች፤ ጓደኛዋ ኦቲሊ ክላይን የተባለችው ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ ጨው የተነሰነሰበትን ጥምዝ ዳቦዋን በመርከቧ ላይ እየዞረች ትሸጣለች። ጋሪው በተገለበጠ ቁጥር ሁሉም ያጨበጭባል።

በ1871 ጥቅምት፣ ወንዙ እንደዚሁ በጎደለበት ወራት፣ ሮዛሊንድ ከማዶ ሠርገኞችን ይዛ ስትመለስ አፋፉ አቅራቢያ ከማይታይ ነገር ጋር ተላትማ ሰጠመች። የኦቲሊ ሁለት ወንዶች ልጆች ከሞቱት መካከል ነበሩ፤ የካፒቴን ኤይዛም ሬሳ አልተገኘም። የተረፉት ሰዎች «ካፒቴኑ ሠርጉ ላይ ብርጭቆ ጨብጦ አይተነዋል» አሉ፤ ይህ ብቻ በቃ። ሙት አይሟገትምና «ሰክሮ ፈጃቸው» ተባለ፤ ቀስ በቀስም «እንደ ፔቲግሩ ጠጣ» የሚል አነጋገር በከተማው ቀረ፤ እናት ልጇን ትቆጣበታለች፣ ሰካራምም ይፎክርበታል።

ድሩሲላ ሌላ መርከብ ገዝታ የባሏን ሥራ ቀጠለች። ፈቃድ ሰጪው ሹም ማንነቷን ሳይጠይቅ «ለካፒቴን ዲ. ፔቲግሩ» ብሎ ስለ ጻፈላት፣ መጀመሪያ በፌዝ፣ በኋላም በእውነት ካፒቴን ተባለች። ሃያ ዓመት ሕዝቡን ስታሻግር አንዲት ሴት ብቻ በመርከቧ አልወጣችም። ኦቲሊ ክላይን፣ ማዶ ያለች እኅቷ በታመመች ጊዜ እንኳ፣ ቀኑን ሙሉ በሠረገላ ተጉዛ በሌላ ከተማ ድልድይ ዞራ ሄደች እንጂ የድሩሲላን መርከብ አልረገጠችም፤ ድሩሲላም ይህን የሰማች ዕለት እህል በአፏ አልዞረም። ኤይዛ በእርግጥ ሰክሮ ነበርን? እሷም አታውቅም ነበር፤ ሃያ ዓመት ውስጥ ውስጡን የበላትም ይኸው አለማወቋ ነበር።

ድልድዩ በመጣ ጊዜ ኮሎኔሉ የድሩሲላን የመሻገሪያ መሬት ፈለጉ፤ ወደ ድልድዩ የሚያወጣው መንገድ በዚያ በኩል ካላለፈ አይሆንም ነበርና። ኤይዛ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣበትን ዳርቻ አልሸጥም ብላ እምቢ አለቻቸው፤ ሽማግሌ ቢልኩ እምቢ፣ ጠበቃ ቢልኩ እምቢ። የወንዙ ውስጥ ምሰሶ ሥራ ግን እሷን አልጠበቀም። መሐንዲሶቹ አንድ ግዙፍ የእንጨት ሣጥን አፉን ደፍተው በወንዙ ውስጥ አሰጠሙ፤ በውስጡ በመኪና ኃይል አየር ሲነፋበት አየሩ ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ቆፋሪዎችም በመሰላል ወርደው የወንዙን ወለል በደረቅ ምድር ላይ እንዳሉ ሆነው እየማሱ ሣጥኑን ወደ ታች ያወርዱታል። የቆፋሪዎቹ አለቃ ኮርማክ ዶላን የተባለ አየርላንዳዊ ነበር፤ በየማለዳው በድሩሲላ መርከብ ሲሻገር እሷን ሳያስቅ አይወርድም ነበር።

አንድ ማለዳ ግን ዶላን ኮፍያውን በእጁ ይዞ ዝም ብሎ ቆመ።

«ምነው ዛሬ? ሚስትህ አባረረችህ እንዴ?» አለችው።

«ካፒቴን፣ ብነግርዎት ይቀየሙኛል፤ ባልነግርዎት ደግሞ እኔው ራሴን እቀየማለሁ።»

«አትዙር፣ ንገረኝ።»

«ሣጥኑ መርከብ ላይ አርፏል። ጣውላው አረንጓዴ ነው።»

ድሩሲላ መሪውን ለቀቀችው፤ ዶላን ፈጠን ብሎ ያዘላት።

«ሰው አለበት?»

«አጥንት አላየንም፤ ውሃው ወስዶት ይሆናል። ነገ ተቆራርጦ ይወጣል፤ ትእዛዙ እንደዚያ ነው።»

«እኔ ሳላየው አይቆረጥም።»

«ኧረ እመቤቴ! እዚያ ሴት ወርዳ አታውቅም። ልጆቹ ሴት ከወረደች ውሃ ይከተላታል ነው የሚሉት።»

«እኔን ሃያ ዓመት ሲከተለኝ ኖሯል፤ እስካሁን አልደረሰብኝም» አለችው።

በዚያው ጧት መርከቧን አስራ ወደ ኮሎኔሉ ቢሮ ወጣች። ኮሎኔል ኦርንዶርፍ በዚያ ዘመን የመዶሻ ጩኸት ጆሯቸውን ያደነቆረው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሆኖም ስለ ማንኛውም አዲስ ነገር እንደ ልጅ የሚጠይቁ ሰው ነበሩ።

«ኮሎኔል፣ መሬቱን እለቅልዎታለሁ» አለች ድሩሲላ።

«ይመስገን! ስንት ይላሉ?»

«ዋጋው እንደተባለው ይሁን። ግን መጀመሪያ ልውረድ።»

ኮሎኔሉ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ። «የት ነው የሚወርዱት?»

«ወንዝ ሥር! ሣጥኑ ውስጥ!»

«እንዴ ሴትዮ! ይህን ያህል ጊዜ ያስለመኑኝ ለዚህ ነው? ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ድሮ ባወረድኩዎት!»

«ቀድሞ የሚታይ አልነበረም፣ ጌታዬ። ሮዛሊንድ ተገኘች።»

ኮሎኔሉ ሳቃቸውን ዋጡ። «እኔም ብወርድ በወደድኩ፤ ሐኪሙ ልብህ አይችልም አለኝ» አሉ። «ሲወጡ ያዩትን ሁሉ ይነግሩኛል።»

በማግስቱ ድሩሲላ ወደ ሣጥኑ ብትመጣ ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ጥለው ቆሙ። «ሴት በወረደችበት እኛ አንወርድም!» አለ አንዱ ጎልማሳ። ዶላን የድሩሲላን የመርከብ ፈቃድ ወረቀት ተቀብሎ ወደ ላይ አነሣው።

«ማንበብ የሚችል ይምጣ! እዚህ የተጻፈው ካፒቴን ነው። ሴት የሚል ቃል ፈልጎ ላገኘ ዛሬ መጠጡ በእኔ ነው!»

«ቀሚሱስ?»

«የስኮትላንድ ወታደርም ቀሚስ ይለብሳል፤ እስቲ ወንድ ከሆንክ ሄደህ ሴት በለው!»

ሳቁ ፍርሃቱን ሰበረው፤ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ቆፋሪ አማትቦ የራሱን ኮፍያ ለድሩሲላ አጠለቀላት።

በብረት በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘግተው አየሩ ሲነፋባቸው ጆሮዋ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ዶላንም አፍንጫዋን ይዛ ትንፋሿን ወደ ጆሮዋ እንድትገፋ አሳያት። ታች ሲደርሱ የሁሉም ድምፅ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር። «እስቲ ያፏጩ፣ ካፒቴን» አላት፤ ከንፈሯን አሹላ ብትነፋ ምንም አልወጣም፤ በዚያ ከባድ አየር ውስጥ ማፏጨት የሚችል ሰው የለም። ድሩሲላ እንደ ኮረዳ ሳቀች፤ ወዲያው አፈረች። ዕድሜዋን ሁሉ ከላዩ የተመላለሰችበትን የወንዝ ወለል ጎንበስ ብላ በእጇ ዳሰሰችው፤ የሸክላ ፒፓ ስባሪ፣ የዛገ የፈረስ ጫማ፣ የጠርሙስ አንገት አገኘች፤ እያንዳንዱን እያነሣች የማን ይሆን ብላ ጠየቀች። ከዚያም ዶላን መብራቱን ወደ ፊት አሳለፈ።

ሮዛሊንድ አፍንጫዋ ተሰብሮ፣ ሽቅብ ቀና ብላ ተጋድማ ነበር። ድሩሲላ አረንጓዴውን ጣውላ እየዳሰሰች እስከ ስብራቱ ሄደች፤ ከሥሩም አንድ ጥቁር ሰማያዊ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነገር አየች።

«ይሄ ምን ድንጋይ ነው?»

«ድንጋይ አይደለም» አለ ዶላን፤ በዶማው ቢመታው እሳት ተፈናጠረ። «የፋብሪካው ዝቃጭ ነው። ኮረብታ ያህላል፤ እጃችንን ጨረሰው።»

«ከመርከቧ በላይ ነው ወይስ በታች?»

«በታች። ላይዋ አሸዋ ብቻ ነው። ኮረብታው ቀድሞ ነበር፣ ካፒቴን፤ እሷ መጥታ ወጣችበት።»

ድሩሲላ የተሰበረው ጣውላ ላይ ተቀመጠች። ከአፋፉ የተገለበጠው ሁሉ ወዴት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ትዝ አላት፤ ሁሉም ያየው ብርሃኑን እንጂ ውሃውን አልነበረም። ዝቃጩ በየቅዳሜው እየተንከባለለ፣ እየተደራረበ፣ በውሃው ሥር እስከ መርከብ መንገዱ ድረስ ገፋ፤ ኤይዛ እያሳየ፣ እሷም ቦታ እያስያዘች፣ ሮዛሊንድን የሚሰብረው ኮረብታ በጭብጨባ አደገ። እዚያው ወንዝ ሥር፣ በዚያ በቀጠነ ድምፅዋ አለቀሰች፤ ባሏን ስለ ጠረጠረችው አለቀሰች።

ኮሎኔሉ አፋፉ ላይ ወንበር አስወጥተው ይጠብቋት ነበር። «ምን አዩ?»

«የቅዳሜን ፀሐይ አየሁ» አለቻቸው። «ስትጠልቅ የምታድረው እዚያ ነው።» ያየችውንም ሁሉ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ዞረው ወንዙን አዩ። «እኔ ወንዙ ይወስደዋል ብዬ ነበር» አሉ።

«ሁላችንም እንደዚያ ብለን ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎት?»

«ድልድዩ ላይ በሚለጠፈው ነሐስ ይጻፍልኝ፤ ኤይዛ እንዳልገደላቸው።»

«እመቤቴ፣ ድልድይ ላይ ስለ መስጠም አይጻፍም» አሉ ኮሎኔሉ፤ በክፋት ሳይሆን እንዲያው የማይሆን ነገር ሆኖባቸው። ድሩሲላም ቃሏን አላጠፈችም፤ መሬቱን ለቀቀች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኦቲሊ ክላይን ዳቦ ቤት ሄደች፤ በሽርጧ ጠቅልላ ያመጣችውን የዝቃጭ ስባሪም በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ኦቲሊ እጇ በዱቄት እንደ ነጣ ቆመች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለች።

«ይሄን ታውቂዋለሽ?»

«ማን የማያውቀው አለ?»

«ከሮዛሊንድ ሥር ነው ያመጣሁት። እዚህ ላይ ነው የተሰበረችው።»

ኦቲሊ ስባሪውን አነሣችው፤ አገላበጠችው። «ኤይዛ ጠጥቶ ነበር ወይ?»

«ጠጥቶ ይሆናል፤ አልዋሽሽም። ባይጠጣም ግን እዚያው ነበር የሚሰበረው። ጓሮውን እንደሚያውቅ ሰው ነው የሄደው፤ ጓሮው ተለውጦበት ነበር።»

ኦቲሊ ስባሪውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ትንሹ ልጄ» አለች፣ «ቅዳሜ በወጣን ቁጥር ‹እማዬ፣ ፀሐይዋ ውሃ ውስጥ ገብታ የት ነው የምትሄደው?› ይለኝ ነበር። እኔ ዳቦዬን እየሸጥኩ ‹አትነዝንዘኝ፣ ዝም ብለህ እይ› እለው ነበር።» ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። «በይ አሁን ሂጂ፤ ዳቦዬ ሊያርብኝ ነው።»

ድልድዩ በ1893 በግንቦት ወር አለቀ። ከምረቃው በፊት በነበረው ቀን ድሩሲላ ለመጨረሻ ጊዜ ስትሻገር፣ ኦቲሊ ክላይን ቅርጫቷን በክንዷ ይዛ መጣችና ወደ መርከቧ ወጣች።

«ማዶ ጉዳይ አለሽ?» አለቻት ድሩሲላ።

«ምንም ጉዳይ የለኝም። የት ጋ ነው?»

ድሩሲላ መርከቧን ከአዲሱ ምሰሶ አጠገብ አቆመች። ኦቲሊ አንድ ጥምዝ ዳቦ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠቻት። «ዝም ብለን እንየው» አለች፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ውሃውን ተመለከቱ።

በድልድዩ ነሐስ ላይ የተጻፈው የኮሎኔሉ ስም ነው። ከተማዋ የኢዮቤልዩ መጽሐፏን ባሳተመች ጊዜም ስለ ሮዛሊንድ የሰፈረው «በካፒቴኑ ስካር ምክንያት» የሚል ነው፤ ኮሎኔሉ ያን ጊዜ ሞተዋል፤ ሁለቱን አሮጊቶች የጠየቃቸው የለም፤ ዶላንም ሌላ ወንዝ ሊቆፍር ሄዷል። የመጨረሻው ምድጃ በ1931 ሲጠፋ የሃስኬት አንሶላ እንደ ገና ነጣ፤ ሴቶቹም ድሮ እንደተባለው አለቀሱ። «እንደ ፔቲግሩ ጠጣ» የሚለው አነጋገር ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። ኮረብታውን ፈልጦ መጨረስ አልተቻለም ነበርና ምሰሶውን ያቆሙት ከላዩ ላይ ነው፤ ሕዝቡ በየዕለቱ የሚሻገረው አባቶቹ ባጨበጨቡለት ክምር ላይ ቆሞ ነው። ወደ ማታ በድልድዩ ላይ ተደግፎ የምትጠልቀውን ፀሐይ የሚያይ ሰው አይታጣም፤ የት ትሄዳለች ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢገኝም፣ እናቱ አሁንም ዝም ብለህ እይ ትለዋለች።