ቀለበት የማይገባበት ጣት

ገጹን የሚከታተለው ሰው በሺህ ይቆጠር ነበር፤ ገጹን የምትይዘውን ልጅ ግን የሚከታተላት አልነበረም።

የማኅበሩ ሰዎች «የገጹ ልጅ» ይሏታል። የማኅበሩ ሥራ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊትና ሽማግሌዎች ቤት እየሄዱ የተሰበረውን መጠገን፣ አልዘጋ ያለውን እንዲዘጋ ማድረግ፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። የእሷ ሥራ ደግሞ ይህን በስልክ እያነሱ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ፣ የሚያግዝ ሰው መጥራት፣ ለሚጽፍ ሁሉ መመለስ ነበር። ለገጹ የተጻፈ መልእክት መልስ ሳያገኝ አያድርም። በዚህ ትኮራለች።

ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የማይፈርስ አንድ ሕግ አላቸው። «ረዳን ብለን የሰው ፊት ገበያ አናወጣም። እጅ አንሺ፤ እጅ አያፍርም» ይላሉ። ስለዚህ ገጹ እጅ በእጅ ነበር። የሚያሽ እጅ፣ አምፖል የሚቀይር እጅ፣ ኩባያ የያዘ የተጨማደደ እጅ። ሰፈርተኛው በእጁ ይተዋወቅ ጀመረ።

አመሻሽ ላይ ቢሮውን ቆልፋ ከኋላው መንገድ ወዳለችው ክፍሏ ትገባለች። ሁለት ወንበር አላት፤ አንዱ ላይ ልብስ ተከምሯል፣ የሚቀመጥበት ስለሌለ። ቀኑን ሙሉ «ጎረቤታችሁን እወቁ» እያለች ስትጽፍ ትውላለች፤ ከግድግዳው ማዶ የሚያስለው ሰው ግን ወንድ ይሁን ሴት አታውቅም። ባለመድኃኒት ራሱን አያድንም ይባል የለ።

አናጢውን ያገኘችው እማማ ቁልፍ ቤት ነው። እማማ ቁልፍ የተባሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በአካባቢው ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ ትርፍ ቁልፉን እሳቸው ጋ ያስቀምጣል። ግድግዳቸው ላይ ምስማር በምስማር ተደርድሮ ቁልፍ ተሰቅሎበታል። ማን ታሞ እንደተኛ፣ የማን በር ሳይከፈት እንዳረፈደ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የዚያን ቅዳሜ ግን የራሳቸው በር አልዘጋ ብሎ ነበር።

አናጢው ተንበርክኮ ማጠፊያውን ይፈታል። በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ከመጣ ገና መጀመሪያው ነው።

«ይፈቀድልኛል?» አለች ስልኳን ከፍ አድርጋ። ሳታስፈቅድ አታነሳም።

«ምኔን?» አለ ቀና ሳይል።

«እጅህን ብቻ።»

«እጄን የፈለግሽውን ያህል። ፊቴን ግን አደራ።»

«ምነው፣ የምትሸሻት ሚስት አለችህ እንዴ?»

«በምን ዕድሌ» አለና ሳቀ።

እማማ ቁልፍ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። ዐይናቸው ደክሟል፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ግን አይሰንፍም። «ያ የቀለበት ጣትህ ምን ሆኖ ነው የተጣመመው?» አሉት።

«ልጅ ሆኜ በር ተዘጋበት፣ እማማ።»

«ታዲያ ቀለበት እንዴት ሊገባበት ነው?»

«አይገባም። ቆሜ የቀረሁት ለዚህ ነው።»

«አይ ሞኝ። ቀለበት እምቢ ካለ ክር ይታሰርበታል» አሉና ወደ ልጅቷ ዞሩ። ልጅቷ ስልኳን ፊቷ ላይ አድርጋ ማንሳቷን ቀጠለች። ያን ዕለት ካነሳችው ውስጥ ግማሹ የበሩ ነው፤ የበሩ ደግሞ ብዥ ያለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አብረው ከቤት ቤት ዞሩ። እሱ ይጠግናል፣ እሷ ታነሳለች። ሲደክማቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይቆርሳሉ፤ ለሁለት ሲከፍለው ትልቁን ወደ እሷ ያደርጋል፣ እሷም እንዳላየች ሆና ትበላዋለች። ብዙ አያወሩም። ዝም ሲሉ ግን ዝምታው የእሷን ክፍል ዝምታ አይመስልም ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት አንድ ቀን። «በስልኩ ውስጥ ካልሆነ አታይኝም እንዴ?»

ስልኩን ዝቅ አደረገች። አየችው። ማየት ከጀመረች በኋላ ዐይኗን ወዴት እንደምትመልሰው ጠፋት፤ ያዳኗት ጋሪያቸውን እየጎተቱ ደረጃ የሚወጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ያን ቀን ስለ አባቱ ነገራት። አባትየውም አናጢ ናቸው። ልጁ ማሽን እንግዛ ሲል አባት እኔ ቤት እንጨት በእጅ ነው የሚላገው አሉ። ቃል ቃልን ወለደና «ከዚህ በር ከወጣህ ልጄ አይደለህም» አሉት። ወጣ። እሱም አልተመለሰ፣ እሳቸውም አልፈለጉት።

«ይናፍቁሃል?» አለችው።

«ጣቴ ሲቀዘቅዘው» አለ።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው መርፌ ነው። እማማ ቁልፍ ቀሚሳቸውን ሊሰፉ ፈልገው ክር አልገባላቸው አለ። አናጢው መርፌውን ተቀብሎ፣ ያን ግዙፍ እጁን ሰብስቦ፣ በተጣመመ ጣቱ ደግፎ፣ ሰማያዊ ክር አስገባላቸው። እሷ አነሳች። ከሥሩም «ከጎንዎ ላሉት አሮጊት ክር የሚያስገባላቸው ማን ነው?» ብላ ጻፈች።

ሰው ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ፎቶውን ተቀባበለው። አጎቴ መርፌ ይዞ ክር የሚያስገባለት ፍለጋ ደጅ ይቆም ነበር ያለ አለ፤ ዛሬ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ ያለችም ነበረች። ከአራተኛ ፎቅ ወርደው የማያውቁት ጡረተኛ አስተማሪ መነጽራቸውን አጥልቀው እማማ ቁልፍ ዘንድ መጡና «ክር እኔም አስገባለሁ» አሉ። «ታዲያ እስከዛሬ የት ነበሩ?» አሏቸው እማማ ቁልፍ፣ ወንበር እየሳቡላቸው። ማኅበሩ ለጎብኚ እንጂ ለተጎብኚ የማይቸገርበት ዘመን ያለፈ መሰለ።

በዚያው ሳምንት አናጢው ሲሸኛት መንገድ ላይ ቆም አለ። «እዚሁ ሰፈር ቤት አይቻለሁ። ለአንድ ሰው ትንሽ ይሰፋል» አለና የጫማውን ጫፍ ተመለከተ።

«ይሰፋል?»

«ይሰፋል። ቅዳሜ አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ክፍሏ ስትገባ ልብሱን ከሁለተኛው ወንበር ላይ አነሳችው።

ማክሰኞ ጠዋት የገጹን መልእክቶች ስትከፍት ከማታውቃት ሴት የተጻፈ አገኘች። «መርፌ የያዘው እጅ የወንድሜ ይመስለኛል። አባታችን ታሟል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከእንግዲህ መላጊያ አይዝም። ፎቶውን ሳሳየው ‹ይህን ጣት ያሰርኩት እኔ ነኝ› አለ። ልጄ ይምጣልኝ ይላል። እባካችሁ የምታውቁት ከሆነ ንገሩልን።»

ደጋግማ አነበበችው። ከነገረችው ይሄዳል። ካልነገረችው ቅዳሜ ቤት ያያሉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ መንገድ ብትፈልግም አልነበረውም።

ያን ቀን ለሌላው ሁሉ መለሰች። ለዚያኛው አልመለሰችም። ለአናጢው ስትደውልም ስለ አየሩ አወራች። «ደህና ነሽ?» ሲላት «ደህና ነኝ» አለችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ሊቀመንበሯ በበሩ ብቅ ብለው «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ቢሏት ብርድ ነው አለች፤ ነርስ ናቸውና አላመኗትም።

ዓርብ ያቺው ሴት እንደገና ጻፈች። «ተሳስተን ይሆናል፣ ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ። አባባ ግን ስልኩን ከእጄ አላወርድም ብሎ ታቅፎት ይውላል።»

የገጹ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለሽማግሌው ነው፣ ለራሷም ነው።

ቅዳሜ ቤቱን ሊያሳያት ሲመጣ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። ስልኩን ሰጠችው። ሲያነብ ፊቱን ላለማየት እጁን አየች፤ እጁ ግን ከፊቱ አይሻልም ነበር።

«መቼ ነው የመጣው?» አለ።

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ስለምትሄድ።»

ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። እሱ ግን ትከሻዋ ላይ እጁን አደረገና ሁለቱም ተቀምጠው ልጆች ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ አዩ። ቤቱን ሳያዩት ቀሩ።

በነጋታው መናኸሪያ ሸኘችው። ሻንጣው ትንሽ ነው፤ የከበደው የመሣሪያ ሳጥኑ ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ ይጣራል።

«እመለሳለሁ አልልሽም» አላት። «እመለሳለሁ ካልኩ አባቴ እስኪሞት ልጠብቅ ነው ማለት ነው። እንደዚያ አድርጌ አልጋው አጠገብ መቀመጥ አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለች። እኔ ልምጣ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እሱም ነይ የሚለውን ይዞ የቆመ ይመስላል። አሮጌ ቤት፣ የታመመ ሽማግሌ፣ እሷ ስትሄድ መልስ የሚያጣው ያ ሁሉ ሰው። ሁለቱም ለሌላው ያሰቡ መስሏቸው ዋጡት። አንዳንድ ሰው በደግነቱ ነው የሚጎዳው።

«ፊቴን አንሺኝ» አለ በድንገት።

«ለገጹ?»

«ለአባቴ። ቀድመሽ ላኪለት። እሱ የሚያውቀው ያን ልጅ ነው፤ በር ላይ ሲያየኝ እንዳይደነግጥ።»

አነሳችው። ከዚያ የራሱን ስልክ አወጣ። «ያ ሁሉ ሰው ባለበት ገጽ ላይ አንቺ አንድ ቀንም የለሽም። ይፈቀድልኛል?»

«እጄን?»

«አንቺ እንዳልሽ።»

ጸጉሯን እንኳ አላስተካከለችም። «ፊቴን» አለች።

መጀመሪያ በየቀኑ ይጻጻፉ ነበር። ቀጥሎ በየሳምንቱ ሆነ። አባትየው ማንኪያ መያዝ አቃታቸው፤ ልጁ አጉራሽም አናጢም ሆነ፤ ለመጻፍ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። እሷም መልሷን እያሳጠረች ሄደች፣ እንዳትከብደው ብላ። ልብሱ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተመልሶ ተከመረ። አናጢው ባስተካከለው በር ሁሉ ስታልፍ ሳትፈልግ እጇን ታሳርፍበታለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ እህትየው ለገጹ ፎቶ ላከች። አሮጌ የሚንቀጠቀጥ እጅ መላጊያ ላይ አርፏል፤ በላዩ ሌላ እጅ ደግፎት አብረው ይልጋሉ። የደጋፊው እጅ የቀለበት ጣት ጣማማ ነው። ጣቱ ላይ ሰማያዊ ክር ታስሯል።

የገጹ ልጅ ክሩን አየችው። አጉልታ አየችው። ከዚያ እንደ ደንቡ «ስለ ላካችሁልን እናመሰግናለን። ለአባታችን ምሕረት እንመኛለን» ብላ ጻፈች፤ ከገጹ ሌላ ምን ይጻፋል? ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ወጣች።

እማማ ቁልፍ በሩን ሲከፍቱ ባዶ እጇን አዩ። «ዛሬ ማንን ልታነሺ መጣሽ?»

«ማንንም። ክር ላስገባልዎ ነው።»

«አስተማሪው አስገብተውልኝ ሄደዋል። ግቢ ግን፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። አሮጊቷ ምንም አልጠየቋትም፤ ዐይናቸው ቢደክምም ያዩትን አይተዋል። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፍሽን አምጪ።»

«የኔን?»

«ብቻሽን አይደል የምትኖሪው? የሰፈሩን ሰው ሁሉ እኔ ጋ እየላክሽ የራስሽን ያላመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ጠዋት በርሽ ባይከፈት ማን ሊያውቅ ነው?»

ትርፍ ቁልፏን ከቦርሳዋ ታች ፈልጋ አወጣችና ባዶ ወደሆነው ምስማር ሄደች። ቁልፉ ማንጠልጠያ አልነበረውም።

«በምን ልስቀለው?» አለች።

እማማ ቁልፍ የመርፌ ሳጥናቸውን ዳብሰው ያንን ሰማያዊ ክር አወጡና በጥርሳቸው በጥሰው ሰጧት። አሠረችው፣ ሰቀለችው፣ ከዚያ ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።