በወንድማማቾች መካከል የተጣለ አጥንት

ነገራ የተገኘው በባምባሲ ዳርቻ፣ ከወንድሙ ከጃለታ በሚያዋስነው የማንጎ ዛፍ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን በድንጋይ ተመቷል፤ የእሾህ አጥሩም ተገንጥሏል። ወንድማማቾቹ በዛፉ ይገባኛል፣ አንዱ ሌላውን «ሊቆርጠው ነው» እያለ ከተኳረፉ ቆይተዋልና፣ ሰው ሁሉ ጃለታ አጥሩን ጥሶ ገደለው አለ። የሟች ሚስት ብሪቱ «ቃየል» ብላ ፊቱ ላይ ተፋችበት። ፖሊስም አሰረው።

ከአሶሳ የመጣችው ኢንስፔክተር ጸሐይነሽ ግን ዓይኗ የሟቹ መዳፎች ላይ ቆየ። እሾህ ቧጭሯቸዋል። የተነቀለው አጥርም የተከመረው በነገራ ግቢ በኩል ነው። አጥሩን ያነሳው ሟቹ ራሱ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ቀጥላ ወንድማማቾቹን ሲሸመግል የኖረውን የእንግሊዝኛ መምህር እዩኤልን አነጋገረች።

«ያ ዛፍ እንግሊዞች ‹ቦን ኦፍ ኮንቴንሽን› የሚሉት ነው፤ የጠብ አጥንት» አላት።

«አጥንትን ከጠብ ምን አገናኘው?»

«ሁለት ውሾች በአንድ አጥንት ሲናከሱ አይተው ያወጡት አባባል ነው። እኔ ለማስታረቅ ብዙ ደከምኩ። ነገራ አጥሩን መንቀል ሲጀምር እንኳ የጃለታ ልብ አልራራም።»

ጸሐይነሽ አመስግናው ወጣች።

ከቀብር በኋላ ጃለታን ከእስር አስመጥታ፣ ከብሪቱና ከመምህሩ ጋር በለቅሶው ድንኳን አስቀመጠቻቸው።

«ጃለታ፣ ነገራ ዛፉን ሊቆርጠው ነው ያለህ ማን ነው?»

«መምህር ናቸው።»

«ብሪቱ፣ ጃለታ ሊቆርጠው ነው ብሎ ለባልሽ የነገረውስ?»

ብሪቱ ወደ መምህሩ ጠቆመች። «እሳቸው ናቸው።»

ጸሐይነሽ ወደ እዩኤል ዞረች። «ውሾቹን አየናቸው። አጥንቱ ግን ራሱ አልመጣም፤ የጣለው ሰው አለ። ደግሞ አገር የሚያወራው ጃለታ አጥሩን ጥሶ ገባ ብሎ ነው። ነገራ ራሱ እንደነቀለው ከእኔ በቀር ያወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሲነቅል አጠገቡ ነበሩ።»

እዩኤል ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ።

«አጥሩን እየነቀለ ‹ተሻግሬ ወንድሜን ራሴ ልጠይቀው ነው› አለኝ። ከተጠያየቁ ውሸቴ ይወጣል። ሲጣሉ ሁለቱም እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር፤ ያከብሩኝ ነበር። ሰው ፊት መዋረዱን አልቻልኩትም። ዘወር ሲል መታሁት።»

ፖሊሶች እዩኤልን ይዘው ሲወጡ ብሪቱ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ጃለታም ሊወቅሳት አልደፈረም። እሱም ደጃፍ ለደጃፍ እየኖረ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ወንድሙን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀውም። ለቀስተኞቹ ተነሥተው ከፊት፣ ለሟች ወንድም የሚገባውን ቦታ ለቀቁለት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ አለፋቸውና ከሁሉም ኋላ፣ ባዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።