አሮጌው ማሽን ያልተቀበለው ዲስክ

ወልደተንሣኤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ተዘርሮ ተገኘ። ጭንቅላቱን በመኪና ክሪክ ሦስት ጊዜ ቀጥቅጠውታል፤ ምን ዓይነት አረመኔ ነው ጃል! ባልደረባው ዓብዱ ሸሚዙ በደም ተጨማልቆ፣ በካቴና ታስሮ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል።

«ወላሂ፣ ላነሣው ብዬ አቀፍኩት እንጂ አልመታሁትም!»

በስድስት ሰዓት ወታደሮች ሊረሽኑት ይወስዱታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ዓብዱ ግን የሚያድርበት ጊዜ የለውም። መርማሪው መቶ አለቃ ዘርአ ዳዊት ፊቱን አገላብጦ አየው። ክሪክ ያነሣ ሰው ፊቱ ላይ ደም ይፈናጠቅበታል፤ የዓብዱ ፊት ንጹሕ ነው።

የምልመላ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወርቅአገኘሁ ተጀነነ። «እኔ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ከኮምፒዩተሩ አልተነሣሁም። የምልምሎችን ስም የሚያጣራውን የፕሮግራም ክፍል፣ ሞጁሉን፣ ከአዲስ አበባ ከመጣው ከዚህ ዲስክ ላይ ስጭን ነበር። ይኸው፣ ሞጁሉ ተከፈተ!»

እውነትም ተከፈተ።

«ያ ዲስክ የተሠራው ለአዲሱ የፕሮግራም ቋንቋ ነው» አለ ዓብዱ። «ማሽናችን የሚያውቀው የድሮውን ብቻ ነው። ወልደተንሣኤ ለድሮው የሚስማማውን ሞጁል ዛሬ ማለዳ...»

ወርቅአገኘሁ ተንደርድሮ አፉን በጫማው ረገጠው። ዓብዱ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ፖሊሶች ጎትተው አላቀቋቸው።

«እኔም ወልደተንሣኤን አይቼዋለሁ» አለች ጸሐፊዋ ኡሙሀኒ። «ሁለት ሰዓት ላይ ‹ማሽኑ አሁን እሺ አለኝ!› ብሎኝ ወደ ግምጃ ቤቱ አለፈ።»

ዘርአ ዳዊት ከሟቹ ደረት ኪስ ደም የነካው ፖስታ አወጣ፤ ውስጡ ዲስክ አለ። ሁሉንም ኮምፒዩተሩ ዙሪያ ሰበሰበና ሞጁሉን አስጠፋ።

«ጓድ፣ በሉ እንደገና ይጫኑት።»

ወርቅአገኘሁ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ማሽኑ ሦስቴም አልቀበልም አለ። ዓብዱ ከካቴናው ተፈትቶ የሟቹን ዲስክ ሲያስገባ ወዲያው ተጫነ።

«እንግዲህ የጫነው ሟቹ ነው» አለ ዘርአ ዳዊት። «እርስዎ ገድለውት ሲመለሱ ተጭኖ አገኙት፤ የእኔ ሥራ ነው አሉ። ዓብዱ፣ ሞጁሉ ያገኘውን አትም።»

ወረቀቱ ወጣ። ከውትድርና ምልምሎች መዝገብ የወርቅአገኘሁ ልጅ ተፍቆ፣ በምትኩ የወልደተንሣኤ ልጅ ገብረአማኑኤል ገብቷል።

«ያለኝ አንድ ልጅ ነው!» ብሎ ጮኸ ወርቅአገኘሁ።

«እሱስ ስንት ነበረው?» አለች ኡሙሀኒ።

ዘርአ ዳዊት ጫጫ ኬላ ደወለ። ምልምሎቹን የጫነው ካሚዮን ገና መድረሱ ነበር።

«ገብረአማኑኤል የሚባለውን አውርዱልኝ፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

«ወርዷል፣ ጌታዬ» አለ የኬላው ወታደር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ። « አባቴ ነው ያስፈታኝ እያለ እየዘለለ ነው። ምን እንበለው?»