ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ

የአራጋውን አስከሬን ከገደሉ ለማውጣት ስምንት ሰውና ሙሉ ረፋድ ፈጀ። ነጩ ፒክአፕ ከመካነ ሰላም አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ቆቅ አፋፍ ከሚባለው የመንገድ ጥምዝ ሥር፣ ጎማዎቹን ወደ ሰማይ አንጋጦ ነበር የተገኘው። ኢንስፔክተር አሰጋሽ ከደሴ ስትደርስ ሟቹ በጋቢ ተጠቅልሎ አፋፉ ላይ ተጋድሟል። ከጎኑ ፖሊሶች ከመኪናው ወለል ያነሱት አንድ መሣሪያ ተቀምጧል።

መሣሪያው ከመዳፍ ብዙም አይሰፋም። ፊቱ በጣት የሚነካ መስታወት ነው፤ ጥጉ ቢሰነጠቅም ይሠራል። አውሮፕላን ላይ ሲሰካ ለአብራሪ፣ መኪና ላይ ሲሰካ ለሾፌር መንገድ የሚመራ ጂፒኤስ ነበር። አንበጣ አገሩን ከወረረ ወዲህ አራጋው የነበረበት የፀረ አንበጣ መርጫ ቡድን አንዴ በአየር፣ አንዴ በምድር ሲገለገልበት ከርሟል። አሁን መስታወቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። መስመሩ ከአፋፉ ተነሥቶ፣ መንገዱን ጥሎ፣ ገደሉ መሃል ባዶ አየር ላይ ያልቃል።

«ይኸው ነው እንግዲህ» አለ የጣቢያው ሳጅን። «ቀጥ በል አለው፤ ቀጥ አለ። አገሩ ሁሉ ማሽኑ ገደለው እያለ ነው።»

«ታዲያ አንድ ገበሬ ያሰራችሁት ለምንድን ነው?»

«ንጉሡን? እሱማ ዝቶ ነበር። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት አውሮፕላኑ የረጨው መድኃኒት ማሳውን ስቶ ምንጩ ላይ ወረደ። ሚስቱ የሻለም ውኃ ልትቀዳ እዚያው ነበረች። በማግሥቱ ሞተች። የንብ ቀፎዎቹም ባዶ ቀሩ። አንበጣ ያረፈበትን ቦታ እየዞረ የሚያጠናው አራጋው ነው ሲሉት፣ ‹ደሟን ከሱ እፈልጋለሁ› ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል።»

አሰጋሽ ተንበርክካ ጋቢውን ገለጠች። ጭንቅላቱን ዞር አድርጋ ቁስሉን መረመረች።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«የሞተው ትናንት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድም ነው። ጭንቅላቱ ኋላ ላይ አንድ የድንጋይ ምት አለ፤ ብዙ ደም ፈሶታል። ሌላው ስብራት ግን አልደማም።»

«ያልደማው ሲወድቅ ሞቶ ስለነበር ነው» አለች አሰጋሽ ጋቢውን መልሳ እየሸፈነች። «ማሽን ደግሞ ሰውን ከኋላው በድንጋይ አይመታም።»

ከሟቹ የደረት ኪስ አንድ ትንሽ ደብተር አወጣች። አራጋው አንበጣ ያረፈባቸውን ቦታዎች በተርታ ጽፏል፤ ዲግሪ፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ። ከየሰከንዱ ጎን በቀጭን እስክሪብቶ ሌላ ቁጥር ሰፍሯል። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አብራሪውን ካፒቴን ሃሩንን አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ፣ ከትንሿ መርጫ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። አርባዎቹን የተሻገረ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው።

«ጂፒኤሱ የርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ሳርፍ አራጋው መጥቶ ‹አውሰኝ› አለ። ‹ምንጩ ላይ የረጨህ ዕለት የበረርክበት መስመር እዚህ ውስጥ አለ አይደል?› ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። መሣሪያው ከበራ የሄደበትን ሁሉ በነጠብጣብ ይመዘግባል። አጥፍቼ፣ ነቅዬ ሰጠሁት።»

«የሚረጨውን ቦታ ማን ነው የሚሞላው?»

«ከቡድኑ የሥራ ድንኳን ተሞልቶ ይመጣልኛል። ማን እንደሚሞላው አይቼ አላውቅም። እኔ መስመሩን እከተላለሁ።» ድምፁ ወረደ። «ምንጩን ዛፍ ሸፍኖታል። ሴትዮዋን ያየኋት መድኃኒቱን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

አሰጋሽ መሣሪያውንና አንድ ብጣሽ ወረቀት ሰጠችው። ዐሥር ዲግሪ፣ አርባ ደቂቃ፣ ሃያ ሰከንድ ይላል።

«እባክዎ ይህን ያስገቡልኝ።»

ሃሩን ለአፍታ አሰበ። በጣቱ መስታወቱን እየነካ አርባ ነጥብ ሠላሳ ሦስት ብሎ ጻፈ። አሰጋሽ ቁጥሩን በማስታወሻዋ ያዘችው።

«መስመሩ ለምን መንገዱን አይከተልም?»

«በበረራ ገጽ ላይ ስለሆነ ነው። አየር ላይ መንገድ የለም፤ ቀጥ ብሎ መሄድ ብቻ። የመኪናው መያዣ ላይ ሲሰካ ግን ራሱ ይለወጣል። ያኔ መንገዱን ይዞ፣ በድምፅ ግራ ቀኝ እያለ ይመራል።»

«የትናንቱን ነጠብጣብ ያሳዩኝ።»

ሃሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ነካካ። ግንባሩ ተቋጠረ። «አሥራ አንድ ከሩብ እዚህ ሜዳ ላይ ጠፋ። ከዚያ ምንም የለም። እንደገና የበራው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ነው... ቆቅ አፋፍ ላይ።»

ሾፌሩን ዋለን ከጋራዡ በር ላይ አገኘችው። ዓይኑ አብጧል።

«ቁልፉን ለአራጋው የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ‹አብሽር፣ ራሴ እነዳለሁ፤ አንተ ዕረፍ› አለኝ። አብሬው ብሄድ ኖሮ...»

«የጂፒኤሱ መያዣ መኪናው ላይ የለም። የት ሄደ?»

ዋለ ከካፖርቱ ኪስ አወጣላት። «ሽቦው ተበጥሶ ላስበይደው ወስጄው ነበር። ወላሂ፣ ልመልሰው ስል ነው የሞቱን የሰማሁት።»

ወረቀቱን ብታሳየው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ቁጥር አላስገባም እኮ። የቦታውን ስም ነክቼ ነው የምሄደው።»

የቡድኑ አስተባባሪ መለሰ ሜዳው ዳር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ነበር። ጢሙን ተላጭቷል፤ የመርጫ ቦታዎቹ የሰፈሩባቸው ቅጾች በጠረጴዛው ላይ በየፈርጃቸው ተደርድረዋል። ለአሰጋሽ ወንበር አቀረበላት።

«ሟች አይወቀስም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን የመርጫውን ነጥብ መሣሪያው ላይ የሚሞላው አራጋው ነበር። የምንጩም ስህተት የሱ ነው። ምናልባት ጸጸቱ አላስቻለው ይሆናል።»

«ትናንት ምሽት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ሪፖርት እየጻፍኩ።»

«አንድ ነገር ይርዱኝ። እኔ ይህን መሣሪያ አልችልበትም፤ ይህን ቁጥር ያስገቡልኝ።»

መለሰ ወረቀቱን በጨረፍታ አየና ጣቱን ሳያቆም አርባ ነጥብ ሃያ ብሎ ጻፈ።

«እጅዎ ፈጣን ነው» አለች።

«ምን ይከብዳል? ወረቀቱ ላይ ያለውን መገልበጥ ነው።»

አሰጋሽ አመስግናው ወጣች። ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄዳ ንጉሡ የታሰረበትን ክፍል አስከፈተች። ኀምሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ለኀዘን ጠጕሩን የተላጨ ሰው ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል።

«አያ ንጉሡ፣ እርስዎ ነዎት የገደሉት?»

«እኔ አይደለሁም። ልገድለው ግን አስቤ ነበር፤ ይህን አልዋሽሽም።»

«ምን አስተወዎት?»

«ከትናንት ወዲያ ራሱ ቤቴ መጣ። ‹እኔ ያጠናሁት የማሳዎን ግርጌ ነው። ለምን ምንጩ ላይ እንደወረደ ሳላውቅ አልቀመጥም› አለኝ። ከዓይኑ ላይ እውነት አየሁበት። ንዴቴ ያን ቀን በረደ።»

«ትናንት ሲመሽስ የት ነበሩ?»

«ምንጩ ጋ። ውኃው ይጠጣ እንደሆን የሚነግረኝ አጣሁ። የሰው ልጅም ከብትም እንዳይቀርበው በእሾህ ሳጥረው አመሸሁ።» እጁን ዘረጋ። መዳፉ በእሾህ ተበጣጥሷል። «ምስክር ብትይኝ ግን የለኝም።»

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አሰጋሽ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበች። ሃሩንና ዋለ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መለሰ ከጠረጴዛው ኋላ ነበር። ንጉሡ እጁ በካቴና እንደታሰረ ከሳጅኑ ጎን ቆመ።

«አራጋው ሲወድቅ ሞቶ ነበር» ብላ ጀመረች። «ሰው በድንጋይ መትቶ ገደለው፤ መኪናው ውስጥ አስገብቶ ገፋው። ማሽኑ መራው የተባለው ውሸት ነው። ዋለ፣ መያዣው የት ነበር?»

«እኔ ኪስ ውስጥ።»

«ስለዚህ ወደ መኪና ገጽ አልተለወጠም፤ መንገድም አልተናገረም። እንዲያውም መኪናው ቆቅ አፋፍ እስኪደርስ ድረስ መሣሪያው ጠፍቶ ነበር። የበራው አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። አራጋው ያኔ በሕይወት የለም። መሣሪያውን አብርቶ መድረሻ የሞላው ገዳዩ ነው።»

«ለምንስ ይሞላዋል? ገደል ቢወረውረው አይሻልም ነበር?» አለ ሳጅኑ።

«የጠፋ ዕቃ ይፈለጋል። ጥፋተኛ ነው የተባለ ዕቃ ግን ማን ይመረምረዋል? ገዳዩ የፈራው ይህን መሣሪያ ነበርና፣ ወንጀሉን በሱ ላይ አላከከው።»

ከጠረጴዛው ላይ ሁለት ቅጾች አነሣች።

«አሁን የተሞላውን እንይ። ቆቅ አፋፍ አንበጣ አርፎበት ስለነበር ቅጹ ውስጥ አለ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ ይላል። መሣሪያው ላይ የተጻፈው ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አርባ አምስት ነው። ልዩነት የለውም የሚል አይጠፋም። ግን መሣሪያው ሰከንድ አይቀበልም፤ ደቂቃን ከነክፍልፋዩ በነጥብ ነው የሚጽፈው። ሰዓታችሁን አስቡ። አርባ አምስት ሰከንድ የደቂቃ ሦስት አራተኛ ነው፤ ስለዚህ ነጥብ ሰባ አምስት ይባላል እንጂ ነጥብ አርባ አምስት አይባልም። እንደዚያ የጻፈ ሰው ቦታውን ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይስተዋል። መስመሩ ገደሉ መሃል ያለቀው ለዚህ ነው።»

ሃሩን ከተቀመጠበት ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ምንጩም...»

«ምንጩም። የአያ ንጉሡ ማሳ አርባ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ላይ ነው። ለርስዎ ተሞልቶ የመጣው አርባ አንድ ነጥብ አርባ ነበር። ምንጩ ከማሳው ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ነው። ሁለቱን ነጥቦች የሞላው አንድ እጅ ነው።»

መለሰ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አራጋው ነው የሞላው ብያችኋለሁ እኮ።»

«አራጋው ሞቶ አይጽፍም፣ አቶ መለሰ። በሕይወት እያለም ይህን አይስትም ነበር።» ደብተሩን ገለጠች። «ከየሰከንዱ ጎን ትክክለኛውን ነጥብ ጽፏል። ከአርባው ጎን ስድሳ ሰባት፣ ከአርባ አምስቱ ጎን ሰባ አምስት። ካፒቴኑም ሃያውን ሠላሳ ሦስት አሉልኝ። ዋለ ቁጥር አይሞላም። አያ ንጉሡ ቅጹን በዓይናቸው አላዩትም። ሃያውን ነጥብ ሃያ ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አሁንም ስህተት መሆኑን አላወቁም ነበር።»

መለሰ መስታወቱን አየ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ጣቴ አንድ ቁጥር የሳተ መስሎኝ ነበር» አለ በቀስታ። «አራጋው አንተ ነህ የሞላኸው አለኝ። ‹ምንጩ ድረስ ሄደን ከመሣሪያው ጋር እንየው፤ ከዚያ አንተው ራስህ ለባልየው ንገረው› አለ። ጥምዙ ላይ አቁም አልኩት። ተው፣ የሞተችው አትመለስም፣ ብዬ ለመንኩት። ‹ባሏ ግን በሕይወት አለ› አለኝና ወደ ገደሉ ዞሮ ቆመ። ድንጋዩን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።»

ሳጅኑ የንጉሡን ካቴና ፈታ። ንጉሡ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ መለሰን ብቻ ያያል።

«ለቅሶዬ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጠሃል» አለው። «ንፍሮ አብረን ቀምሰናል። ያኔ ብትነግረኝ ምን ያደርገኛል ብለህ ነው?»

መለሰ አንገቱን ደፋ።

«እኔ ልንገርህ። እጮህ ነበር። ምናልባትም አንቅህ ነበር፤ ሰው ያላቅቀን ነበር። ከዚያ ሽማግሌ ይገባል። ሳታስበው ያጠፋኸው ነውና፣ ዓመትም ይፍጅ ሁለት፣ እታረቅህ ነበር። አሁን ከአራጋው እናት ጋር ማን ያስታርቅህ?»

ፖሊሶቹ መለሰን ይዘውት ወጡ።

ሃሩን ወደ ንጉሡ ሊቀርብ ሁለት እርምጃ ተራምዶ መሃል ላይ ቆመ። ንጉሡ አየው። «ና» አለው፤ ሃሩን ቀርቦ ጉልበቱ ላይ ሲወድቅ ንጉሡ ትከሻውን ይዞ አነሣው።

ረፋዱ ላይ የአራጋውን የሬሳ ሳጥን የጫነው መኪና ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ኩታበር ሊነሣ ሲል፣ ንጉሡ አንድ ነጠላ ተከናንቦ ከኋላ ወጣና ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠ።

«አያ ንጉሡ፣ ቤትዎ እናድርስዎ እንጂ» አለችው አሰጋሽ። «የምንጩም ውኃ ናሙና ደሴ ተልኳል። ውጤቱን ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«ይምጣ። እስከዚያ እሾሁ ይጠብቀዋል። ይህን ልጅ ግን ልቅበረው።»

መኪናው ኩታበር የደረሰው ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። ለቀስተኛው ሳጥኑን ከቦ ሲያለቅስ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች አሮጊት እናቱ ከመሃል ወጥታ የማታውቀውን ሰው ቀና ብላ አየችው።

«አንተስ ምኑ ነህ፣ ልጄ?»

ንጉሡ እጆቿን ያዘ። መዳፉ ውስጥ እሾህ እንዳለ ተሰምቷት ዝቅ ብላ ተመለከተች።

«እውነቱን ልንገርህ ብሎ የሞተልኝ ሰው ነኝ፣ እማዬ» አላት። «ላለቅስለት መጣሁ።»