በየጠዋቱ አንድ ማንጎ

አንዷ የአብስራ አልበቃ ብላ ሁለት ሆና ወደ ክፍል ገባች።

ቤተል ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። አንደኛዋ የአብስራ ጠፋች። ቢቻል ሁለተኛዋንም ማጥፋት ነበር፤ ግን ለዚያ ሁለቱንም ዓይኖች መጨፈን ያስፈልጋል፤ ቤተል ደግሞ አሁን የሚመጣው ትርኢት እንዲያመልጣት አልፈለገችም።

የአብስራ ወንበሯ ጋ ደርሳ ቆመች። ዴስኳ ላይ አንድ ቢጫ ማንጎ ተቀምጧል።

«ዛሬም ደረሰሽ?» አለ አቡሽ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

የአብስራ ማንጎውን አንስታ በመስኮት ወረወረችው። ፊቷ ደም መስሏል። ቤተል የሳቀ ጥርሷን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። መወርወር እንደሆነ ትችልበታለች! ነገ ሌላ አለ። እነቤተል ግቢ ያለው ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

ነገሩ የተጀመረውም በማንጎ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን የትምህርት ቤቱን ማንጎ በድንጋይ ማርገፍ ክልክል ነው፤ የተያዘ ይባረራል። የዚያን ቀን ቤተልና የአብስራ፣ ገና ጓደኛሞች ሳሉ፣ ተደብቀው ሄዱ። የአብስራ ትወረውራለች፤ ቤተል ከሥር ትለቅማለች።

«በቃ አቦ፣ ሞላ!» አለች ቤተል ቀሚሷን እንደያዘች።

«አንድ! የመጨረሻ!» አለች የአብስራ።

የመጨረሻው ድንጋይ ማንጎውን ስቶ የቤተልን ጭንቅላት አገኘ።

ሆስፒታል ስትነቃ እናቷ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ሁለት ሆነው እያለቀሱ ነበር። ሐኪሙ ሁለት መነጽር በሁለት አፍንጫ ላይ አድርጎ አናገራት። «ጭንቅላትሽ ተናውጧል። ዓይኖችሽ ለጊዜው አብረው መሥራት አቅቷቸዋል። ይመለሳል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አንዱን ዓይን እየቀያየርሽ ሸፍኚ። ብዙ አታንብቢ።»

ይህንስ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ትምህርት ቤት የጠበቃትን ነው። የአብስራ ለርዕሰ መምህሩ «ቤተል አጥር ላይ ወጥታ ወደቀች፤ እኔ ብቻዋን እንዳትሆን ነው የተከተልኳት» ብላ ኖሯል። ቤተል «ኧረ በድንጋይ ነው የፈነከተችኝ!» ብላ ብትጮህ ርዕሰ መምህሩ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ጭንቅላትሽን ተመትተሻል እኮ። እንዴት ታስታውሻለሽ?»

ይህቺ አባባል ከድንጋዩ በላይ አመመቻት። የመታቻት ልጅ በነፃ ሄደች፤ የተመታ ጭንቅላቷ ደግሞ በራሷ ላይ መሰከረባት። ከዚያ ወዲያ ምንም ብትል መልሱ ያው ነው። የመጽሐፉ መስመር ሁለት እየሆነ አስቸገረኝ ስትል፣ «አታካብጂ፤ ፈተና ለመሸሽ ነው» ይሏታል። ፀሐይ ዓይኔን ይወጋኛል ስትል፣ «አርባ ምንጭ ተወልደሽ?» ይሏታል።

እውነቱ ግን አንዱ መስመር በሌላው ላይ እየጋለበ፣ ግማሽ ገጽ ሳትጨርስ ግንባሯ ይፈነዳል። ውሃ ስትቀዳ ከብርጭቆው አጠገብ ታፈሳለች። ሲቀላ ገበያ ጋ መንገድ ስትሻገር የሚመጣው ባጃጅ መንታ ይሆንና የቱን መሸሽ እንዳለባት ጠፍቷት ትገተራለች። ሾፌሩ «አንቺ! ዓይን የለሽም?» ሲላት፣ «ትርፍ አለኝ!» ብላ ትመልስለታለች። ከዚያ ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

አባቷ አቶ ዳና የዶርዜ ተወላጅ ሸማኔ ናቸው። ከሸማ ቁራጭ የዓይን መሸፈኛ ሠሩላት፤ ጠርዙ ላይ ቀይና ቢጫ ጥለት ጣል አድርገውበታል። ክፍል ውስጥ የባሕር ወንበዴ መስላለች ብለው «ካፒቴን» የሚል ስም አወጡላት። አቡሽ ሁለት ጣቱን እያውለበለበ «ካፒቴን፣ ስንት ነው?» ሲላት፣ «ጣትህ አራት ነው። አንተ ግን ሁለት ሆነህም ግማሽ ሰው አትሞላም» አለችው። ከዚያ ቀን በኋላ አቡሽ የእሷ ወገን ሆነ።

ለየአብስራ ግን ቀልድ አልበቃትም። ቤተል ማታ ማታ ቅጣት ታማርጥላት ነበር። ለጫሞ ሐይቅ አዞዎች እንዳትሰጣት አዞዎቹ ምን በደሉ? በመጨረሻ ማንጎው መጣላት። ስድብ የለው፣ ደብዳቤ የለው፤ ጠዋት ጠዋት ዴስኳ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ «ቆይ፣ ለምን ማንጎ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ቤተልም የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

እናቷ ሲሰሙ ተቆጡ። «ጌታ ይቅር በሉ ነው ያለው። አንቺ መዝሙር እየዘመርሽ በቀል?»

«ጌታ መጀመሪያ ንስሐ ግቡ ብሏል፣ እማዬ። እሷ ተራዋን ትጨርስ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ቤተል ከፍታ ስድስት ሽማግሌ አየች፤ መሸፈኛዋን ስትጎትት ሦስት ሆኑ። እጃቸው ላይ እርጥብ ሳር ይዘዋል። ከኋላቸው የየአብስራ አባት አቶ ጉግሳ ከነልጃቸው ቆመዋል።

አቶ ዳና የሽመና መወርወሪያቸውን ጥለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ደጅህ ከቆመ የተነሳ ዱላ ይወድቃል፤ እምቢ አይባልም። አቶ ጉግሳ ከሰሜን መጥተው ሴቻ ሰፈር በዞኑ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰው ናቸው። ይህን የነገሯቸው የቢሮ ባልደረቦቻቸው ናቸው። የነገሯቸው ግን ግማሹን ነበር።

«ልጄ በማንጎ ምክንያት መሳቂያ ሆናለች» አሉ አቶ ጉግሳ። «ትምህርት ቤት አልሄድም እያለች ነው። ልጆች ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ሳሩን ይጣሉና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።»

ቤተል ደሟ ፈላ። ጭራሽ ተበዳይዋ እሷ ሆና አረፈች! አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ክንዷን ቆነጠጧት። ቤተል ደግሞ ዶርዜ ከአባቷ ዘመዶች ጋር እርቅ ላይ ተቀምጣ ሥርዓቱን አይታለች። ስለዚህ ድምፅዋን አለሰለሰች፤ እንደ ማር።

«ጋሽ ኦይታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? ሳሩ የመጣው በማን ጥፋት ነው?»

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት ጋሽ ኦይታ ወደ አቶ ጉግሳ ዞሩ። «እኔም ይህንን ልጠይቅ ነበር።»

«ጥፋት እንኳ... ልጄ ምንም አላጠፋችም» አሉ አቶ ጉግሳ።

«እንዲህ ከሆነ መልካም። የእኛ ሳር እውነት ላይ ነው የሚጣለው። በደል እያለ ደብቀን ብናስታርቅ እኛ ጎሜ የምንለው ነውር ነው፤ መዘዙ ለደበቀውም፣ ላስታረቀውም ይተርፋል።» ጋሽ ኦይታ ከሳሩ ጥቂት ለይተው ለየአብስራ ዘረጉላት። «እንቺ ያዢ። ያዢና የሆነውን ንገሪን። ከዚያ እንታረቃለን።»

የአብስራ እጇን ዘረጋች። ሳሩ ጋ ሳትደርስ መለሰችው። ዶሮዎቹ ግቢውን ይጭራሉ።

«ያዢው እንጂ» አሉ አባቷ።

«አልችልም።»

«ምን ማለት ነው አልችልም?»

«አባዬ... አጥር ላይ አልወጣችም። እኔ ነኝ የወረወርኩት። በቃ እያለችኝ ነው የወረወርኩት። ከተባረርኩ ትገድለኛለህ ብዬ... ከዚያ ርዕሰ መምህሩ አታስታውስም ሲሉኝ ደስ አለኝ። አታስታውስም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ።»

መዋሸት ምን ያደርጋል፤ ቤተልን ጣፈጣት። የአቶ ጉግሳ ፊት ሲጠቁር፣ የአብስራ በንፍጧ ስትታጠብ፣ አባቷ ቀስ ብለው «ልጄ እውነቷን ነበር» ሲሉ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ጣፈጣት። ጥፋቱን ደግማ ደጋግማ እንድትናገርላት ሁሉ ተመኘች።

«ሰኞ ለርዕሰ መምህሩ ይህንኑ ትናገራለች» አሉ ጋሽ ኦይታ።

«እኔው ራሴ ይዣት እሄዳለሁ» አሉ አቶ ጉግሳ። ከዚያ በአቶ ዳና ፊት አንገታቸውን ደፉ። «ይቅርታ። አላወቅሁም።»

ጋሽ ኦይታ ሳሩን በቤተል እግር ሥር አኖሩ። ሁሉም እሷን ይመለከታል። ቤተል ጎንበስ ስትል መሸፈኛው ተንሸራተተ፤ ሳሩ መንታ ሆነ። የመጀመሪያውን ልታነሳ ብላ አፈር ጨበጠች። ማንም አልሳቀም። ያ ጣፋጭ ነገር ከአፏ ጠፋ። እውነቱ ወጥቷል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው፤ ፈተናውም እየመጣ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ሳሩን አገኘችው፤ አንስታም ያዘችው። ሽማግሌዎቹ «ሰላም ይሁን» ብለው መረቁ።

«በሉ እንሂድ» አሉ አቶ ጉግሳ፣ ወደ መኪናቸው እየቀደሙ።

«የአብስራ ትቆይ» አለች ቤተል።

«ምን ልታደርጊኝ?» አለች የአብስራ፣ በፍርሃት።

ቤተል ቤት ገብታ የባዮሎጂ መጽሐፏን ይዛ ወጣች። ማንጎው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ መጽሐፉንም ለየአብስራ አቀበለቻት።

«እኔ ማንበብ አልችልም። አንቺ ትችያለሽ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ነገም ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ዓይኔ እስኪመለስ በየቀኑ። ከሴቻ ሚኒባስ አይጠፋም፤ አባትሽ አሳፍረው ይልኩሻል።»

«ቤተል፣ ይቅርታ አላደረግሽልኝም እንዴ?»

«ሳሩን ተቀብያለሁ። ጓደኛዬ ነሽ አላልኩም።»

የአብስራ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተቀመጠች። «ከየት ልጀምር?»

«ከመጀመሪያው።»

«የመጀመሪያውን ምዕራፍ እኮ ተምረነዋል!»

«እኔ በዚያ ሰሞን ሆስፒታል ነበርኩ። ጮክ በዪ ደግሞ።»

የአብስራ ጀመረች። ረጅም ቃል ላይ ተደናቀፈች፤ ቤተል አስደገመቻት። ከደጅ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። የአብስራ ቀና ብላ በሩን አየች፤ ከዚያ ቤተልን አየች።

ቤተል ጀርባዋን ለግንዱ አስደግፋ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፈነች።

«ቀጥዪ» አለች።